ስለ ሰመመን ሕክምና ታሪክና ስለ ልብ ንቅለ ተከላ፤ በፎገራ ሜዳ የተጀመረ ጥናት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታ ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ረባዳ አገር የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ክረምት ሲገባ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል። ቀድሞ ይህ አገር ስሙ የሚጠራው በከብቱ ነበር፤ ዛሬ ግን ከከብቱ ይልቅ ሩዙ ገኗል፤ የሩዝ ምርምር ማእከልም በወረታ ተቋቁሟል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች የሆንን ሦስት ተማሪዎች ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ወረታ የሄድነው ስለ ሩዝ ለመጠየቅ አልነበረም። አሳባችን የአገሬው ሰው በባህላዊ መንገድ ሲቈረጥ፣ ሲበጣ፣ አጥንቱ ሲጠገን ሥቃዩን በምን እንደሚችለው ለማወቅ ነበር። ይህ ጥያቄ እያደር እየሰፋ ሄደና፣ በመጨረሻ ከወረታ ወደ ቦስተን፣ ከቦስተን ወደ ኮፐንሃገን፣ ከዚያም ወደ ኬፕ ታውን አደረሰን። አንባቢ ነገሩ እጅግ የተራራቀ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ እኛም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎን ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወረታ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ሽማግሌ አገኘን። በወጣትነታቸው ከወጌሻ ጋር እየዞሩ ያገለገሉ ናቸው። ስለ ራሳቸው እንዲነግሩን ብንለምናቸው እንጥላቸው የተቈረጠበትን ቀን አነሡልን። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። አባታቸው ራሳቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ አጎታቸው እግራቸውን አጥብቀው፣ ቈራጩ ብረቱን ወደ ጉሮሯቸው ሰደደ።

«ያን ጊዜ ማደንዘዣ ምን ተሰጠዎ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ምን ይሰጠኛል ልጆቼ! አይዞህ ተባልሁ እንጂ» አሉን።

ለአዋቂ ሰው ግን አረቄ ይሰጠው እንደ ነበረ ነገሩን። ከዚያም ተነሥተው ወደ አጥሩ ሥር ወሰዱንና ነጭ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ አንድ ቅጠል አሳዩን። አስተናግር ነው። የጥርስ ሕመም የያዘው ሰው ፍሬውን በፍም ላይ አድርጎ ጢሱን በአፉ ይታጠነዋል፤ ከበዛ ግን ሰውየውን ያስለፈልፈዋል፤ ዓይኑን ያፈጥጠዋል፤ አፉን ያደርቀዋል፤ ልቡንም ያስሮጠዋል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ከማስለፍለፉ ነው ይላሉ። እኛ የቅጠሉን ስም በማስታወሻችን ጽፈን ያለፍነው እንደ ተራ ነገር ነበር። ወደ ኮሌጃችን ተመልሰን መጻሕፍት ስናገላብጥ ግን በአስተናግር ውስጥ ያለው መድኃኒት አትሮፒን የተባለው እንደ ሆነና፣ ይህም ዛሬ በየትኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሰመመን ባለሙያው ከእጁ የማይለየው መሆኑን ተረዳን። በሽማግሌው አጥር ሥር የቆመው አረምና በታላቁ ሆስፒታል ጠርሙስ ውስጥ ያለው መድኃኒት ዘመዳሞች ናቸው። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ይህ መድኃኒት ኀይሉን ያጣል፤ ስለ እርሱ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ቢላዋ የያዘው ሰው ስሙ ይነሣል፤ በራስጌ ተቀምጦ የታማሚውን ትንፋሽ የሚጠብቀው ሰው ግን ይረሳል። ይህ መርሳት የምስጋና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበትም ነበር። ታሪኩን ስለሚያዛባ፣ ደግሞም በአገራችን ምን እንደ ጐደለን እንዳናይ ስለሚያደርግ ነው ያነሣነው።

በአስተናግር ወገን የሆነ ተክል ሰውን አስተኝቶ ለመቅደድ ያገለገለው በጃፓን ነው። ሐናኦካ ሴይሹ የተባለው ሐኪም በ1804 ዓ.ም. ከዚህ ተክልና ከሌሎች ሥሮች የቀመመውን መድኃኒት አጠጥቶ የጡት ነቀርሳ የያዛትን ሴት አስተኝቶ ቀደዳት። ጃፓን በዚያ ዘመን ለውጭ አገር ሰው በሯን ዘግታ ስለ ነበር ወሬው አልወጣም። ስለዚህ ዓለም የሚያከብረው ቀን ጥቅምት 16 ቀን 1846 ሆነ፤ በዚያ ቀን ዊልያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም በቦስተን በብዙ ሐኪሞች ፊት ኤተር አሽትቶ አንድ ሰው አስተኛ። ክራውፎርድ ሎንግ የተባለ የገጠር ሐኪም ከአራት ዓመት በፊት በ1842 ይህንኑ አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን ጽፎ ስላላወጣው ዝናው ለሞርተን ተረፈ። የሚጽፍና የማይጽፍ ሰው ዕጣ በሁሉ አገር ይኸው ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1847፣ የኤዲንብራው ሲምሰን ክሎሮፎርምን አመጣ። ክሎሮፎርም ሽታው ጣፋጭ፣ ሥራውም ፈጣን ስለ ሆነ ሰዉ ሁሉ ወደደው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ግን በጥር 1848 በእንግሊዝ አገር ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የእግሯ ጣት ጥፍር ሊነቀልላት ክሎሮፎርም አሽትተዋት በዚያው ሞተች። የጥፍር ነገር ነበር! እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ጥቂት ቆየን። ሥቃይን የሚያስቀረው መድኃኒት ልብንም ሊያስቆም እንደሚችል የታወቀው ያን ጊዜ ነው። የሰመመን ሙያ የተወለደው ሰውን ማስተኛት በተቻለበት ቀን ነው ይባላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ሙያው የተወለደው የተኛው ሰው ላይነሣ እንደሚችል በታወቀበት ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መቶ ዓመት በአጭሩ እናልፈዋለን። ለጥናታችን የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ በ1942 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ግሪፍትና ጆንሰን የተባሉ ሐኪሞች ኩራሬን ለቀዶ ሕክምና ማዋላቸው ነው። ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች በፍላጻቸው ጫፍ የሚቀቡት መርዝ ነው፤ ጡንቻን ሁሉ ያላላል፤ መተንፈሻውንም ጭምር። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሰመመን ባለሙያው የታማሚውን እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ትንፋሹንም በእጁ መያዝ ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው በ1952 በዴንማርክ የደረሰው ነው። በኮፐንሃገን ከተማ የልጅነት ሽባነት በሽታ ገብቶ ብዙ ሕፃናትና ወጣቶች መተንፈስ አቃታቸው። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የሰመመን ሐኪም በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራውን ሥራ ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል ይዞት ወጣ፤ ይኸውም በጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ቱቦ አግብቶ፣ ከላስቲክ በተሠራ ከረጢት አየር እየጨመቁ ማስገባት ነው። ነገር ግን ለዚህ የሚበቃ መኪና አልነበረም። ታዲያ ማን ጨመቀ ቢባል፣ ተማሪዎች ናቸው! አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚያህሉ ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሌትና ቀን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው በእጃቸው ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ይህን ታሪክ ለክፍል ጓደኞቻችን ስንነግር አንዱ ተነሥቶ «እኛ ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት እንኳ መንቃት አቅቶን» ብሎ አሳቀን። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው።

ይህ የኮፐንሃገን ጉዳይ ከልብ ንቅለ ተከላ ጋር ምን ያገናኘዋል? ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ሰው ሞተ የሚባለው ትንፋሹ ሲቆም ነበር፤ ትንፋሹ ከቆመ ልቡም ወዲያው ይከተላል። የሌላ ሰው እጅ ወይም መኪና መተንፈስ ከጀመረለት በኋላ ግን አንጎሉ ፈጽሞ የጠፋ ሰው ልቡ እየመታ የሚቆይበት አዲስ ሁኔታ ተፈጠረ። ይህ ሁኔታ ባይኖር ኖሮ ለንቅለ ተከላ የሚሆን ጤነኛ ልብ ማግኘት ጭንቅ በሆነ ነበር። በ1968 በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ የአንጎልን ሞት መለያ ለመወሰን የተሰበሰበውን ጉባኤ የመራው ሄንሪ ቢቸርም ሙያው ሰመመን ነበር። እንግዲህ የሰመመን ባለሙያዎች በአንድ በኩል ንቅለ ተከላን የሚቻል አደረጉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሰው መቼ ሞተ እንደሚባል ለመወሰን ከፊት ቀደሙ።

አሁን ወደ ኬፕ ታውን እንሂድ። ኅዳር 23 ቀን 1960 በእኛ አቆጣጠር፣ በአውሮፓውያን ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ማለት ነው፣ በግሩት ስኪር ሆስፒታል ክርስቲያን ባርናርድ የተባለው ሐኪም የሰውን ልብ ለሰው ተከለ። ልቡን የሰጠችው በመኪና አደጋ የሞተች ዴኒዝ ዳርቫል የተባለች የ25 ዓመት ወጣት ናት፤ የተቀበለው ሉዊስ ዋሽካንስኪ የተባለ ነጋዴ ነው። ዋሽካንስኪ ለ18 ቀን በሕይወት ቆይቶ በሳንባ ምች ሞተ። የባርናርድ ስም በአንድ ሌሊት ዓለምን ዞረ። በዚያ ሌሊት በራስጌ የተቀመጠው የሰመመን ሐኪም ግን ጆሴፍ ኦዚንስኪ ይባላል። እርሱም ሥራውን ከሰመመን ሐኪም ዓይን እንዴት እንዳየው በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በዚያው በታኅሣሥ ወር ጽፎ አውጥቷል። በኮሌጃችን ውስጥ ስለ ባርናርድ የሰማ ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ብዙ እጅ ተነሣ፤ ስለ ኦዚንስኪ ብንጠይቅ አንድም አልተነሣ።

ይህን ያህል ከተናገርን በኋላ የራሳችንን አሳብ ማረም ይገባናል። ረቂቁን ያነበቡልን አንድ መምህራችን «ሰመመንን ከፍ ለማድረግ ስትሉ ሌላውን አታሳንሱ» ብለው ገሥጸውናል፤ ልክ ናቸው። ልብ እንዴት እንደሚሰፋ በእንስሳት ላይ አስቀድመው ለብዙ ዓመታት የደከሙት በአሜሪካ እነ ሻምዌይና ሎወር ናቸው። ጊበን በ1953 የልብና የሳንባ መኪናን በሰው ላይ ባይሠራበት ኖሮ ልብን አውጥቶ ማንሣት ዘበት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት ሰውነት ባዕድ የሆነውን ሥጋ አልቀበልም ማለቱ ነበር። በ1968 በዓለም ላይ ከመቶ በላይ የልብ ንቅለ ተከላ ተደርጎ አብዛኞቹ ታማሚዎች ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ሥራውን ተዉት። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስኪመጣ ድረስ ተስፋው ቀጭን ነበር። ስለዚህ የእኛ ክርክር ሰመመን ብቻውን ድል አደረገ የሚል አይደለም፤ ያለ እርሱ ግን አንዱም ሊሆን ባልቻለ ነበር የሚል ነው።

ለመሆኑ በልብ ንቅለ ተከላ ጊዜ የሰመመን ባለሙያው ሥራ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ብዙ ደከምን፤ የተረዳነውንም በተቻለን መጠን በቀላል አማርኛ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ጊዜው ጠባብ ነው። ልብ ከሰጪው አካል ከወጣ በኋላ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ሊቆይ የሚችለው አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሰጪው ባለበት አንድ ጓድ፣ ተቀባዩ ባለበት ሌላ ጓድ ሆነው እየተላላኩ ይሠራሉ። ተቀባዩ ቀድሞ ቢተኛና የሚመጣው ልብ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ያለ ዋጋ ለአደጋ ተጋለጠ ማለት ነው፤ ዘግይቶ ቢተኛ ደግሞ ልቡ በበረዶ ውስጥ ይጎዳል። ታማሚው ድንገት ተጠርቶ የመጣ ነውና ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ሲተኛ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በፍጥነት እንዳያስተኙት ደግሞ ልቡ ደካማ ነው፤ ደሙ በዝግታ ይዞራል፤ በክንዱ የተወጋው መድኃኒት አንጎሉ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ችኩል የሆነ ሰው «አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ ቢጨምርበት ሁለቱም አንድ ላይ ደርሰው የደሙን ግፊት ይጥሉታል። እንግዲህ የሚያስፈልገው መጣደፍና መታገሥን በአንድ እጅ መያዝ ነው። የፎገራ ገበሬ ርብ ሲሞላ በሬዎቹን የሚያሻግረው እንደዚሁ ነው፤ ቢዘገይ ውሃው ይበዛበታል፤ ቢያጣድፋቸው ይደናገጣሉ።

ታማሚው ወደ ልብና ሳንባ መኪናው ከተዛወረ በኋላ የሰመመን ባለሙያው ጥቂት ያርፋል ማለት ይቻል ይሆናል። ዋናው ጭንቅ የሚመጣው አዲሱ ልብ ተሰፍቶ መኪናው ሊለቀው ሲል ነው። ለብዙ ዓመታት በልብ ድካም የኖረ ሰው የሳንባው የደም ሥሮች ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው። አሮጌው ልብ ይህን ለምዶታል፤ አዲሱ ግን ከጤነኛ ሰው የመጣ ነውና ቀኝ ክፍሉ እንዲህ ያለ ሸክም አያውቅም። ከተነፋፋና ከደከመ ያን ሁሉ ሥራ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ባለሙያው አየሩን፣ መድኃኒቱን፣ የደሙን ልክ እያመዛዘነ የሳንባውን ግፊት ዝቅ፣ የልቡን ጕልበት ከፍ ለማድረግ ይታገላል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አስተናግር የገባነውን ቃል እንፈጽማለን። ልብ ሲቈረጥ ከአንጎል ወደ እርሱ የሚወርዱት ጅማቶች አብረው ይቈረጣሉ፤ ሐኪሙ የደም ሥሩን እንጂ ጅማቱን መስፋት አይችልም። በጤነኛ ሰው ዘንድ ቫገስ የተባለው ጅማት የልብን ሩጫ እንደ ልጓም ይይዘዋል። የተተከለው ልብ ልጓም ስለሌለው ሰውየው ተኝቶ ሳለ እንኳ በደቂቃ ከዘጠና እስከ መቶ አሥር ያህል ይመታል። አትሮፒን ልብን የሚያፈጥነው ይህን ልጓም በመፍታት ነውና፣ ልጓሙ አስቀድሞ ለተቈረጠ ልብ ምንም አይፈይድለትም። የአስተናግር ኀይል የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ልቡ የዘገየበትን ሰው በአትሮፒን ለማዳን ቢሞክር ጊዜውን ያባክናል፤ በቀጥታ በልቡ ሥጋ ላይ የሚሠሩ እንደ አይሶፕሮቴረኖል ያሉ መድኃኒቶች ያስፈልጉታል። በቀድሞው የአሰፋፍ ዘዴ ደግሞ ከአሮጌው ልብ የኋላ ግድግዳ ጥቂት ይቀር ስለ ነበር፣ የልብን ምት በሚጽፈው ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ይታያል፤ አንዱ የአዲሱ ልብ፣ ሌላው የአሮጌው ትርፍራፊ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ጊዜ፣ ሳይሰማሙ።

ወደ ሽማግሌው ተመልሰን ይህን ስናጫውታቸው ጥቂት ዝም አሉና «የሌላ ሰው ልብ የገባለት ሰው የማንን አሳብ ያስባል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው የሚያስቅ አይደለም፤ በአማርኛችን አሳብም፣ ድፍረትም፣ ማስተዋልም ማደሪያቸው ልብ ነው። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሆነውን ነገርናቸው። የሳይንስ መምህራችን የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ሳህን ውስጥ አኖረው። ልቡ ብቻውን፣ ያለ እንቁራሪት፣ ሲመታ ቆየ። ከመካከላችን አንዱ ጸሎት ጀመረ፤ አንዱ ደግሞ ሮጦ ወጣ። ልብ ለመምታት ከራሱ ሌላ አዛዥ እንደማያስፈልገው ያን ቀን ተማርን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያስ ልብ የሚባለው ሌላ ነው» አሉ።

ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመለስ፣ ጎንደርና አካባቢዋ ከውጭ ሐኪም ጋር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር ገብቷል፤ ብሩስም በ1770 በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን አክሟል። ሁለቱም ግን ኤተር ለሰመመን ከመዋሉ በፊት የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም የጎንደር ተወላጅ ናቸው፤ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው በዚያ አድገው ተማሩ። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል በ1910 ተቋቋመ። በደብረ ታቦር የሚስዮን ሆስፒታል ቆመ። በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰመመን ይሰጥ የነበረው ማን ነው? በወረታ ያገኘናቸው አንድ ጡረተኛ ድሬሰር መልሱን በአንድ ቃል ሰጡን፤ «የተገኘው ሰው» አሉ። ሐኪሙ ይቀዳል፤ ነርሷ ወይም ድሬሰሩ ጭምብሉን ይዞ ኤተር ያንጠባጥባል፤ ጣቱን ከታማሚው መንጋጋ ሥር አድርጎ ትንፋሽ ይቈጥራል። «ሐኪሙ ቍስሉን ያያል፤ እኔ ፊቱን አያለሁ፤ ከንፈሩ ሲጠቁር የማየው እኔ ነኝ» ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ጣቶቻቸው አሁንም እንደዚያው ይታጠፋሉ። ዛሬም በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ለዚሁ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች እንጂ ልዩ ሐኪሞች አይደሉም። ስማቸውን የሚጽፍ ግን የለም።

በገጠር ሆስፒታል እጅግ የረዳቸው ኬታሚን የተባለው መድኃኒት ነው። በ1962 ተቀምሞ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ። ትልቅ መኪና አይፈልግም፤ ትንፋሽን እንደ ሌሎቹ አያጠፋም፤ የደምንም ግፊት አይጥልም። ስንት እናት በእርሱ ተርፋለች! ነገር ግን ልብን ያስሮጣል። ይህ ጠባዩ ለፎገራ ጉዳይ ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን እንናገራለን።

በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሳቸው ዋናው በሽታ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሚጀምረው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሐዋሲ ጉሮሮን ይይዛል፤ ሰውነት እርሱን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን በሮች አብሮ ይወጋል። ፔኒሲሊን በጊዜ ቢሰጥ ይቆማል። የአገሬው ሰው ግን ለጉሮሮ ሕመም እንጥል ያስቈርጣል፤ ቈራጩ ሲሄድ ተሐዋሲው በጉሮሮው እንዳለ ይቀራል፤ ልጁም ሥቃዩን ሁሉ ችሎ ልቡን አላዳነም። ሽማግሌው ስለ እንጥላቸው የነገሩን ለሳቅ የሚሆን ታሪክ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

በሽታው እያደር በግራው የልብ ክፍል መካከል ያለውን በር ያጠብበዋል። በጠባብ በር ብዙ ሕዝብ የሚያልፈው ጊዜ ሲሰጠው ነው፤ ልብም ሲሮጥ ደም ለማለፍ ጊዜ ያጣና ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስለዚህ ሌላውን ሰው የሚያድነው ኬታሚን እንዲህ ያለችውን ታማሚ በሳንባዋ ውሃ ሊያሰጥማት ይችላል። በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣም በችኮላ ከተሰጠ የደሟን ግፊት በድንገት ይጥለዋል። ይህች ሴት ነፍሰ ጡር ሆና በምጥ ብትመጣና ሆዷ ተከፍቶ ሕፃኑ መውጣት ቢኖርበት፣ የእርሷ ሕይወት የተንጠለጠለው በቀዳጁ እጅ ይልቅ በራስጌዋ ባለው ሰው ዕውቀት ነው። በኬፕ ታውን ኦዚንስኪን ያስጨነቀው ነገርና በገጠር ሆስፒታል አንዱን የሰመመን ባለሙያ የሚያስጨንቀው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ደካማ ልብ ያለውን ሰው እንዴት አስተኝተን እንቀስቅሰው የሚል ነው።

ጓደኞቻችን «ወባና ጎርፍ ባለበት አገር ስለ ልብ ንቅለ ተከላ መጻፍ ቅንጦት ነው» ሲሉ ነቅፈውናል። ነቀፋው ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ግን አንቀበልም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን ሲመሠርቱም ቅንጦት ያለ አልጠፋም ይሆናል። ማኅበሩ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር፤ በ2009 ግን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማእከል ተከፈተ። በ2015 ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ኩላሊት ከሕያው ዘመድ ይገኛል፤ ልብ ግን የሚገኘው ከሞተ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ልብን ለመትከል ከሐኪም በፊት የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የአንጎልን ሞት የሚለይ ሕግና ልማድ፣ ሌሊትም ቀንም የማይተኛ የሰመመን ጓድ ይቀድማሉ። እነዚህ ነገሮች ደግሞ ልብ ለማይተከልለትም ሰው፣ በምጥ ለተያዘችውም፣ በመኪና ለተገጨውም ያገለግላሉ።

ከወረታ ልንመለስ ስንል ድሬሰሩ ወደ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ቤት ወሰዱን። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ እንጥሏ ተቈርጧል፤ ኋላ ጕልበቷና ክርኗ አበጠ፤ ዘንድሮ ሩዝ ስታርም ትንፋሽ እያጠራት ከውሃው ዳር ትቀመጣለች። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የምትወጋበትን ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ከመጽሐፎቿ ጋር አኑራዋለች። ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንድትሄድ ተጽፎላት ተራዋን ትጠብቃለች። እናቷ ስለ ቢላዋው አንድም ነገር አልጠየቁንም። የጠየቁን «ካደነዘዟት በኋላ የሚቀሰቅሳት ማን ነው?» ብለው ነው።

በራስጌዋ ተቀምጦ ዓይኑን ከእርሷ የማይነቅል፣ ለዚሁ የተማረ ሰው እንዳለ ነገርናቸው።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?»

«እስክትነቃ ድረስ፣ እማማ።»

«ሐኪሙ ሲወጣስ?»

«ሐኪሙ ቢወጣም እርሱ አይወጣም።»

እናቲቱ ካርዱን ከልጅቱ ተቀብለው ለድሬሰሩ ሰጧቸው፤ የሚቀጥለው መርፌ መቼ እንደ ሆነ ይነበብላቸው ዘንድ። ቀኑ ነሐሴ 12 ሆነ። ርብ የሚሞላበት ወር ነውና ወዲያው ስለ ታንኳ መነጋገር ጀመሩ፤ ባለ ታንኳው ማን እንደ ሆነ፣ ስንት እንደሚጠይቅ፣ መንገዱ ቢቈረጥ ልጅቱ ከየት ዘመድ ቤት እንደምታድር።